ደጃፌ ላይ የቆመው ዛፍ የማን ነው?

ጥያቄ፦ "እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ከአባቴ በወረስኩት ቤት ከእናቴና ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ከአጥራችን ውጭ፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ፣ አባቴ በወጣትነቱ የተከለው ትልቅ ግራቪሊያ አለ። እስከ ዛሬ ያጠጣነውም ቅጠሉን የጠረግነውም እኛ ነን። አሁን ግን ዛፉ የጭቅጭቅ ምንጭ ሆኖብኛል። ሥሩ የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ አንሥቶታል፤ አንዲት እናት ተደናቅፈው ወድቀዋል። ባለፈው ክረምት በነፋስ አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የጎረቤታችንን ሱቅ ቆርቆሮ ጎድቷል። የኤሌክትሪክ ሽቦውም የሚያልፈው በቅርንጫፎቹ መካከል ነው። ጎረቤታችን 'ዛፉ የእናንተ ነው፤ አናቱን ቁረጡት፣ አለዚያ እከሳለሁ' ይላሉ። ቀበሌ ስጠይቅ ደጄ ላይ ስለሆነ እኔ እንድንከባከበው ተነገረኝ። ሌላ ቢሮ ስጠይቅ ደግሞ የመንግሥት ዛፍ ነውና እንዳልነካው ተነገረኝ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ እዚያ ቤቱ ፊት ያለውን የመንገድ ዛፍ የሚንከባከበውም የሚተካውም ባለቤቱ ራሱ እንደሆነ ይናገራል። አንድ የቀን ሠራተኛ በበኩሉ ግንዱን ዙሪያውን ልጦ ቢተወው በራሱ ጊዜ እንደሚደርቅና ማንም እንደማይጠይቀኝ መክሮኛል። እናቴ ዛፉ ሲነካ ማየት አትፈልግም። ኃላፊነቱ የማን ነው? ብቆርጠውስ ሌላ መትከል አለብኝ? ምን ዓይነት?"

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከጎረቤትዎ ዛቻ ይልቅ ያስደነገጠኝ የቀን ሠራተኛው ምክር ነውና ከእሱ ልጀምር። ዛፉን በፍጹም እንዳያስልጡት። ቅጠሉ የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ነው። ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል። ውሃ ግን በእንጨቱ ውስጥ ወደ ላይ መውጣቱን ስለማያቆም ቅጠሉ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሰው ሁሉ "ምንም አልሆነም" እያለ ከሥሩ ሲያልፍ ሥሩ ከመሬት በታች እየሞተና እየበሰበሰ ይሄዳል፤ ከዚያ ደረቁ ቅርንጫፍ በየነፋሱ መውረድ ይጀምራል። በመጨረሻ ደረቁን ዛፍ የሚያወርድ ሰው ሲፈለግ፣ የሚረግጠው ቅርንጫፍ የማይታመን ስለሆነ ሥራው ሕያው ዛፍ ከማውረድ እጅግ የከፋ አደጋ አለው። የተቃጠለ ዘይት ወይም ጨው ሥር ላይ ማፍሰስም ከዚህ አይሻልም፤ አፈሩን ስለሚበክል ነገ የሚተከለውን ችግኝ ጭምር ይገድላል። "ማንም አይጠይቅሽም" የተባለውም እውነት አይደለም። የተላጠ ግንድ ማንም መንገደኛ የሚያየው ነገር ነው፤ ጎረቤትዎም ከወዲሁ የክስ ነገር አንሥተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። የዛፉን ባለቤት የሚነግርዎ ማን እንደተከለው ሳይሆን የት እንደቆመ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎን አውጥተው ወሰኑ የት ላይ እንደሚያበቃ ይለኩ። አጥርን ብቻ አይመኑ፤ አንዳንዱ ሰው ከወሰኑ ገባ ብሎ ያጥራል፣ አንዳንዱም ወደ መንገዱ ገፋ ያደርጋል። ግንዱ ወሰንዎ ውስጥ ከሆነ ዛፉ የእርስዎ ንብረት ነው፤ ለሚያደርሰው ጉዳትም በቅድሚያ ዓይን የሚጣልብዎ እርስዎ ነዎት። ደብዳቤዎ እንደሚለው ግንዱ ከወሰንዎ ውጭ ከሆነ ግን የቆመው በሕዝብ መንገድ ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የባለ ይዞታ መብትም ከካርታው ወሰን አያልፍም። አባትዎ መትከላቸው፣ እናንተም ስታጠጡ መኖራችሁ ለሰፈሩ የተደረገ ትልቅ ውለታ ነው፤ መንገዱን ግን የእናንተ ይዞታ አያደርገውም። ስለዚህ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ ብሎ የሚወስነው የከተማው አስተዳደር ነው። እንዳይነኩት የነገረዎት ቢሮ በዚህ ልክ ነው። ይንከባከቡት ያለዎት ቀበሌም አልተሳሳተም። ችግሩ አንዱ ስለ መጋዙ፣ ሌላው ስለ ውሃው ነግረዎት፣ ሁለቱን አገናኝቶ የሚያስረዳዎት ሰው አለመገኘቱ ነው።

ወንድምዎ የነገሩዎት ለሚኖሩበት ከተማ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጉዳይ አንድ ወጥ ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ደንብ አለው። ፖርትላንድ የመንገድ ዛፍን እንክብካቤ ለረጅም ጊዜ ከጎኑ ባለው ባለ ንብረት ላይ ስትጥል ኖራለች፤ እዚያም ቢሆን ባለቤቱ ያለ ከተማው ፈቃድ አይቆርጥም፣ ሲቆርጥም ምትክ እንዲተክል ይጠየቃል። ሳን ፍራንሲስኮም እንዲሁ ብዙዎቹን ዛፎች ለባለቤቶች ትታ ነበር። ገንዘብ ያለው ያስመለምላል፣ የሌለው ይተወዋል፤ ለተሰነጠቀ የእግረኛ መንገድም ባለቤቱ ይጠየቃል። ይህ ብዙ ሰው ስላስመረረ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ነዋሪዎች ድምፅ ሰጥተው ኃላፊነቱን ወደ ከተማው መለሱት። ለዚሁ ሥራ በየዓመቱ 19 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ተወስኖ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከተማው ተረከበው። ይህን ማንሣቴ ያንን ደንብ ወደ ደሴ እናምጣ ለማለት አይደለም። ሀብታም በሚባል አገር እንኳ የአንድ ትልቅ ዛፍ ሸክም ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ መሆኑ ታውቆ ስለነበር ነው። እርስዎም ብቻዎን መሸከም የለብዎትም፤ የከተማው ሥራ የሆነውን በከተማው ስም ሊጠይቁ ይገባል።

ታዲያ የእርስዎ ድርሻ ምንድን ነው? መጋዝ የማይነካውን ሁሉ ነው። ግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር መኮትኮት፣ በበጋ ማጠጣት፣ የእጥበት ሳሙናና የፍም አመድ ሥሩ ላይ እንዳይደፋ መከልከል፣ ማስታወቂያ በምስማር የሚመታበትን ሰው "ተው" ማለት። ቅጠሉን መጥረግም እንዲሁ፤ ይህ በእኛ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ናት። የግራቪሊያ ቅጠል ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም፤ ቦይ ውስጥ ተከማችቶ ሐምሌ ከደረሰ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መሄጃ አጥቶ ወደ ሰው ቤት ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የደጃፍ ሰው ትልቁ ግዴታ ማየትና ማሳወቅ ነው። ዛፉን በየቀኑ የሚያየው እርስዎ እንጂ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ አይደለም።

ትላልቅ ቅርንጫፎችን መመልመል፣ ዛፉን መቁረጥ፣ የተነሣውን ንጣፍ መጠገንና ምትክ የሚተከልበትን ቦታ መወሰን የከተማው ሥራ ነው። ሽቦውን የነካ ቅርንጫፍን በተመለከተ ደግሞ ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሠራተኞች በቀር ማንም፣ ማንም መውጣት የለበትም። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከእጁ ያለው ገጀራ ሽቦውን ሳይነካ ሰው ሊሞት ይችላል። ይህን በተለይ ለዚያ የቀን ሠራተኛ ይንገሩልኝ፤ ልጅ ያለው ሰው ይሆናልና።

ስለ ክሱ ስጋት ገብቶዎታል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዝዛል። ጥፋት ሲባል በማድረግ ብቻ ሳይሆን ማድረግ የሚገባን ባለማድረግም ይመጣል። የሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ዛፍ በነፋስ ሲሰበር ጥፋተኛው በቀጥታ እርስዎ ነዎት ሊባል አይገባም። ነገር ግን ቅርንጫፉ መሰንጠቁን እያዩ ዝም ካሉ፣ ወይም ያለ ፈቃድ አስቆርጠው ግንዱ ሰው ላይ ቢወድቅ፣ ያኔ ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ መከላከያዎ ወረቀት ነው። ማመልከቻ ይጻፉ፤ ዛፉ የት እንዳለ፣ የግንዱ ዙሪያ ስንት እንደሆነ፣ ሽቦው፣ ንጣፉና የወደቀው ቅርንጫፍ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ በግልጽ ያስፍሩ። ፎቶግራፍ ያያይዙ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ለከተማው ጽዳት፣ ውበትና አረንጓዴ ልማት ክፍል ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱም ግልባጭ ያድርሱ። ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት እርስዎ የሚጠበቅብዎትን እንዳደረጉ ይመሰክራል፤ ቢሮውም ከዚያ በኋላ "አልሰማሁም" ማለት አይችልም።

ማመልከቻውን ብቻዎን ባይጽፉት ደግሞ እመርጣለሁ። ቅሬያችሁ አለ። ሰው ሲሞት የሚሰበሰበው ቅሬ ለሰፈሩ ዛፍም መሰብሰብ ይችላል፤ የቅሬው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ቢሮ ውስጥ የሚሰጠው ክብደት ከአንዲት ሴት ማመልከቻ ይለያል። ይህ ሊሆን የማይገባው ነገር ነው፤ ግን እንዲህ ነው። ጎረቤትዎንም አብረው እንዲፈርሙ ይጠይቋቸው። ቁጣቸው ከቆርቆሮው የመጣ ነው፤ ፍርሃታቸውም እውነተኛ ነው። ከክስ በፊት ሁለት የቅሬ ሽማግሌ ይዘው ቡና በሚፈላበት ሰዓት ቢሄዱና "ዛፉን ለማስመርመር አመልክተናል፣ ይፈርሙልን" ቢሏቸው፣ እርስዎን ከመክሰስ ከእርስዎ ጋር ሆነው መጠየቅ እንደሚበጃቸው ይገባቸዋል። ወሎ ውስጥ ከዚህ የከበደ ጠብ በሽማግሌ ያልቃል። የቆርቆሮውን ወጪ የማጋራት ጉዳይ ከተነሣ ለጉርብትና ብለው ማገዝ ይችላሉ፤ ግን "ዛፉ የእኔ ስለሆነ እከፍላለሁ" የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

ዛፉ መቆረጥ አለበት ወይ? ከጻፉልኝ ብቻ ስነሣ መቆረጥ ያለበት አይመስለኝም። አንድ ቅርንጫፍ ወደቀ ማለት ዛፉ ሊወድቅ ነው ማለት አይደለም። ግራቪሊያ አገሩ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ቅርንጫፉ ግን ተሰባሪ ነው። ንፋስ በበዛበት ተዳፋት ላይ ሳይመለመል ለዓመታት ከቆየ ቅርንጫፍ መጣሉ ጠባዩ ነው፤ የሚያስፈልገው በአግባቡ መመልመል ነው።

ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ራስዎ ማየት የሚችሉት ነገር አለ። ጠዋት፣ ፀሐይ ከጎን ስታበራ፣ ዛፉን ቀስ ብለው ይዙሩት። ከግንዱ ሥር ጅብ ጥላ ወይም እንደ መደርደሪያ የወጣ ፈንገስ አለ? ካለ ውስጡ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ግንዱን በመዶሻ እጀታ በየቦታው መታ መታ ያድርጉት፤ ድፍን እንጨት ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፣ ቦርቧራው ደግሞ ከበሮ ይመስላል። ዛፉ ዱሮ ቀጥ ብሎ የነበረና በቅርቡ ያዘነበለ ከሆነ፣ በተለይም ካዘነበለበት በተቃራኒ በኩል ያለው አፈር ከተነሣ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ቀን አይጠብቁ፤ ያንኑ ዕለት ያሳውቁ፣ ልጆቹንም በዚያ በኩል አያሳልፉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዘንበል ብሎ ያደገ ዛፍ ግን ሥሩን ለዚያው አስተካክሎ ስላደገ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። ምስጥም ይፈልጉ፤ ግንዱ ላይ የሚወጣው የአፈር መስመር ያስታውቃል። ወደ ላይ ቀና ሲሉ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ካዩ፣ መጀመሪያ መውረድ ያለበት እሱ ነው።

ጎረቤትዎ "አናቱን ቁረጡት" ያሉትን ግን ከተማው ሊፈቅድ ቢል እንኳ እርስዎ ይቃወሙ። ገበሬ ግራቪሊያን ለማገዶ አናቱን ይቆርጠዋል፤ ዛፉም ያቆጠቁጥለታል። እርሻ መሐል ግን ከሥሩ የሚተላለፍ ሕዝብ የለም። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ከቁስሉ ዙሪያ ብዙ ረጃጅም ቀንበጥ ይሰድዳል። እነዚህ ቀንበጦች የተያያዙት ከላይ ከላይ ነው፤ ከሥራቸው ያለው እንጨት ደግሞ ዝናብ ገብቶበት ይበሰብሳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የከበዱት ቀንበጦች አንድ በአንድ ይገነጠላሉ፤ ጎረቤትዎም ዛሬ ከሚፈሩት የባሰ ነገር በቆርቆሯቸው ላይ ይንጠለጠላል።

የተሻለው መንገድ ቅርንጫፍ መርጦ ማውጣት ነው፤ የደረቀውን፣ የተሰነጠቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋጨውን፣ ወደ ጣሪያ የዘነበለውን። በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ከሩብ በላይ አይነሣም። ከባድ ቅርንጫፍ የሚቆረጠው በሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከግንዱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከታች ወደ ላይ ሲሶውን ይጋዛል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ሲቆረጥ፣ ቅርንጫፉ የግንዱን ቅርፊት ሳይልጥ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረው ጉማጅ ይነሣል፤ እዚህ ላይ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ወፍራም አንገት ልብ ይበሉ። መጋዙ ከአንገቱ ውጭ መሄድ አለበት። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚያ አንገት ተነሥቶ ነው፤ ግንዱ ጋር አስጠግተው ልሙጥ ካደረጉት መዝጊያውን ቆረጡበት ማለት ነው። ቀለም፣ ሬንጅ፣ እበት መቀባት አያስፈልግም። ጊዜው በበጋ፣ የክረምቱ ነፋስና ዝናብ ሳይመጣ ነው። ፈቃድ ተሰጥቶ ሠራተኞች ሲመጡ ይህን ይዘው ራቅ ብለው ይከታተሏቸው፤ ማስታወስ ነውር የለውም።

ንጣፉን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ፤ መንገዱ ይስተካከል ተብሎ ሥሩ እንዳይቆረጥ። ትላልቅ ዛፎች የሚቆሙት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወደ ጥልቅ በሚወርድ አንድ ሥር አይደለም። አብዛኛው ሥር ከመሬቱ ገጽ ከግማሽ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ውስጥ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። ግንዱ ግማሽ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ከግንዱ አንድ ሜትር ተኩል ባልራቀ ቦታ ትልቅ ሥር መቁረጥ ዛፉን ከአንድ በኩል መልህቅ አልባ ያደርገዋል፤ ያ ዛፍ በቀጣዩ ክረምት አፈሩ ሲርስ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ንጣፉን አንሥቶ ግንዱ ዙሪያ ያለውን ክፍት አፈር ማስፋትና ድንጋዩን ከሥሩ በላይ በአሸዋ መልሶ መደርደር ነው። መንገዱ ትንሽ ጎበጥ ይላል፣ ግን ማንንም አያደናቅፍም። እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ ማፍሰስማ ሥሩን አየርና ውሃ መንሣት ነው። ከተማችን ውስጥ በየሆቴሉ ደጃፍ እንዲህ ታንቀው አናታቸው የደረቀ ዛፎች ስንት ናቸው!

ንጣፉ እስኪጠገን የተነሣውን ጠርዝ በደማቅ ቀለም ቀብተው ሰው እንዲያየው ያድርጉ። የወደቁትን እናትም ሄደው ይጠይቋቸው።

ከምርመራው በኋላ ባለሙያው "ውስጡ በስብሷል፣ መውረድ አለበት" ካለ ግን ይውረድ። የመቁረጫ ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ እንጨቱ ለማን እንደሚሆንና ምትኩ መቼ እንደሚተከል በዚያው ደብዳቤ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ። የመተካት ግዴታ አለብኝ ወይ ላሉት፣ ፈቃዱ ላይ ከተጻፈ ግዴታ ነው፤ ባይጻፍም ይተኩ። በተዳፋት ላይ በተሠራች ከተማ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወርድ የሚጠፋው ጥላ ብቻ አይደለም። ሥሩ አፈር ይዞ ነበር፤ ቅጠሉ የዝናቡን ጉልበት ይቀበል ነበር። ጉቶው ተነቅሎ ባዶ የቀረ ቦታ ሁለት ክረምት ሳይቆይ ይታጠባል።

እናትዎን በተመለከተ፣ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ በድንገት መጋዝ ድምፅ እንዳይሰሙ። ከባለሙያው ጋር ወጥተው የበሰበሰውን በዓይናቸው ይዩ፤ ምትኩ ምን ይሁን የሚለውንም እሳቸው ይምረጡ። ባለቤታቸው የተከሉት ዛፍ ነውና ከማንም በፊት ሊጠየቁ ይገባል።

ምን ይተከል? ሽቦው በላዩ የሚያልፍ ከሆነ አጭር የሚቀረውን ይምረጡ፤ ቦትል ብረሽ ለዚህ ይስማማል፣ ቀይ አበባውም ንብ ይጠራል። ሽቦው በመንገዱ ማዶ ከሆነ የእኔ ምርጫ ወይራ ነው። የደሴን ብርድ ይችላል፣ ድርቅ ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ ቅርንጫፉም እንደ ግራቪሊያ በቀላሉ አይሰበርም። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ይህንን ያወቀ ብቻ ይትከለው። አንድ ጠላትም አለው፦ ለመፋቂያና ለወተት ዕቃ ማጠኛ የሚቀነጥበው ሰው። ሲያድግ ለሁሉም ይበቃል፤ በችግኝነቱ ግን ሦስት ሰው መፋቂያ ከወሰደለት አለቀ። ሰፋ ያለ ቦታ ካለ የሐበሻ ጥድም ያምራል። ዝግባ ግዙፍ ስለሚሆን ለጠባብ እግረኛ መንገድ አይሆንም። ሾላና ዋርካ ሥራቸው ግንብ ስለሚያነሣ፣ ባሕር ዛፍም ከቤትና ከሽቦ አጠገብ ስለማይታመን ይቅሩ። ኮምቦልቻ ያላችሁ አንባቢዎች ዝቅ ያለ ሞቃት አየር ስላላችሁ ጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍ ይሆኑላችኋል፤ ቦታው ሰፊ ይሁን እንጂ።

የመትከያው ጊዜ ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ነው፤ ሥሩ በጋው ከመምጣቱ በፊት እንዲይዝ ነሐሴ መጨረሻን አይጠብቁ። ጉድጓዱን ግን በግንቦት ያስቆፍሩ። የእግረኛ መንገድ አፈር በሰው እግርና በመኪና የተደቆሰ ስለሆነ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይፈታ። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ ይቀመጥና ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ መጀመሪያ ይመለስ። ከችግኝ ጣቢያ የሚመርጡት ችግኝ ረጅሙ አይሁን፤ ግንዱ ወፈር ያለ፣ አንድ አናት ያለው፣ ሥሩ በፕላስቲኩ ቀዳዳ ወጥቶ መሬት ያልያዘ ይሁን።

ፕላስቲኩ! በየክረምቱ ስንት ችግኝ በዚህ ይሞታል። በኅዳር የደረቀ ችግኝ ነቅላችሁ ብታዩ ጥቁሩ ከረጢት እንዳለ ሥሩን አቅፎ ይወጣል፤ ሥሩም ውስጡ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ሁላችንም ተክለናል፤ ስንቶቻችን ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ አውጥተናል? ከጎኑ በምላጭ ቀድዳችሁ አፈሩ ሳይፈርስ ታወጡታላችሁ። ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይቆረጥ፤ ካልተቆረጠ ከዓመታት በኋላ ራሱን ግንዱን ያንቃል። ችግኙ በከረጢቱ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር፤ ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከመሬቱ ገጽ ጋር እኩል ይሁን። ደጋፊ እንጨት ካሰሩለት በሽቦ ሳይሆን በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ላላ አድርገው ይሰሩት፤ ሽቦ እየወፈረ የሚሄደውን ግንድ ይቆርጠዋል። ዙሪያውን ከፍየልና ከላም የሚጠብቅ አጥር ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው።

ከዚያ ሁለት በጋ ሙሉ ውሃ። ከመስከረም መጨረሻ በልጉ እስኪጥል በሳምንት አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ፀሐይ በበረታበት ሳምንት ሁለት። አሮጌ ጀሪካን ሥሩን በቀጭን ምስማር በስተው ከችግኙ አጠገብ ቢያስቀምጡት ውሃው እየተንጠባጠበ ይሰርጋል፤ በአንድ ጊዜ ቢደፉት ግን ተዳፋቱን ይዞ ይሄዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የሚያሰጋበት ሰፈር ከሆነ ሌሊት በማዳበሪያ ጆንያ ይሸፍኑት፣ ጠዋት ይግለጡት። ለዚህ ሁሉ እርስዎ ብቻ ሊቆሙለት አይገባም። ቅሬው በተራ ቢይዘው በአንድ ቤት ላይ የሚወድቀው ሸክም ትንሽ ነው፤ የባለ ሱቁ ጎረቤትዎ ልጆችም ከተራው ውስጥ ቢገቡ ደስ ይለኛል።

ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት ያስገቡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ባለሙያ ካልመጣ የገቢ ቁጥሩን ይዘው ለክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያም ካለፈ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ደብዳቤ ያስገቡ፤ በዚህኛው ላይ ክረምቱ ሳይገባ ሽቦውና የተሰነጠቁት ቅርንጫፎች እንዲታዩ መጠየቅዎን ከመጀመሪያው ደብዳቤ ቀን ጋር ይጥቀሱ። ምላሽ ሲያገኙ ይጻፉልኝ፤ ምን እንደተወሰነ ሳውቅ ስለ ቀጣዩ እንነጋገራለን።